በ9 ቁጥር የተሞላ ባሕር፦ የውቅያኖስና የደመና ምልከታን በጀት ለምትወስኑ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ምልከታን በጀት ለምትመድቡ፣ ለምታጸድቁና ለምትቀንሱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በባሕርና በአየር መካከል የሚደረገው የሙቀት ልውውጥ እና ከባሕር በላይ ያለው ደመና ልኬት እንዳይቋረጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ሰንጠረዥ ከፊቴ ዘርግቼ ነው። ከየብስ የብዙ ቀን የመርከብ ጉዞ ርቃ፣ በመልህቅ ታስራ የምትንሳፈፍ አንዲት ጣቢያ በየሰዓቱ የላከችው ልኬት ነው። የነፋስ ፍጥነት፣ የአየሩ የሙቀት መጠን፣ የአየሩ እርጥበት፣ የባሕሩ የሙቀት መጠን፣ ከሰማይ የወረደው ጨረር፣ ዝናቡ፤ ሁሉም በየዓምዱ ተደርድሯል። መሃል ገደማ ስደርስ የእርጥበቱ ዓምድ ይታመማል። መጀመሪያ ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ይዘላል። ከዚያ በኋላ 999፣ 999፣ 999 እያለ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። በእኛ ሥራ 9 ሲደጋገም «ልኬት የለም» ማለት ነው። የሚቀጥለውን ገጽ ስገልጥም 999፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ስገልጥም 999። የተበላሸውን መሣሪያ ሄዳ የምትቀይረው መርከብ በዚያ ዓመት አልተላከችም ነበር።

በእነዚያ ወራት ያ ባሕር ለአየሩ ምን ያህል ሙቀት እንደሰጠ በልኬት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ከላይ የነበረውን ደመና ሳተላይት አይቶታል። ደመናው ለምን እንደበዛ፣ ለምን እንደሳሳ የሚነግረን ግን ከሥሩ የነበረው የባሕርና የአየር ሂሳብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠፍቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ ሳይለካ ያለፈ ሰዓት ተመልሶ አይለካም። ላስቸግራችሁ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

እናንተ የበጀት ሰዎች ናችሁና ነገሩን በገቢና በወጪ ላስረዳ። ባሕር ከፀሐይ የሚያገኘው ገቢ በአማካይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ160 ዋት በላይ ነው። ወጪው በሦስት በር ይወጣል። ትልቁ በር ትነት ነው፤ ወደ 100 ዋት የሚጠጋው በዚያ ይሄዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ተን ሆኖ ሲነሣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ሙቀት ከባሕሩ ይዞ ይወጣል። ተኑ ከፍ ብሎ ቀዝቅዞ ጠብታ ሲሆን፣ ማለትም ደመና ሲሆን፣ ያን ሙቀት እዚያው ላይ ለአየሩ ያስረክባል። ይህ ድብቅ ሙቀት የሚባለው ነው። በዓመት ሲደመር ከውቅያኖሶች ገጽ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ውሃ በዚህ መንገድ ይነሣል። ሁለተኛው በር ባሕሩ ራሱ ወደ ላይ የሚለቀው የማይታይ የሙቀት ጨረር ነው፤ ከአየሩና ከደመናው የሚመለስለት ሲቀነስ 50 ዋት ገደማ ይወጣበታል። ሦስተኛው ውሃውና አየሩ ተነካክተው በቀጥታ የሚለዋወጡት ሲሆን ከ10 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው።

ገቢውም ወጪውም በመቶዎች ሲቆጠር፣ በመጨረሻ ባሕሩ ውስጥ የሚቀረው ትርፍ በአማካይ አንድ ዋት ገደማ ብቻ ነው። ዓለምን እያሞቀ ያለው ግን ያ ትርፍ ነው። ሙቀት አማቂ ጋዞች በመብዛታቸው ምድር ካስቀረችው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ገደማ የገባው ባሕር ውስጥ ነው። ምክንያቱም የውሃ ሆድ ሰፊ ነው፤ ከአንድ የባሕር ቦታ በላይ ያለውን አየር በሙሉ፣ እስከ ጫፉ ድረስ፣ በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት እዚያው ሥር ያለውን 2 ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ብቻ ነው በ1 ዲግሪ የሚያሞቀው። ባሕር በአማካይ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

አማካዩን ስናገር ግን አንድ ነገር እንዳይሸፈን እፈራለሁ። ልውውጡ በየዕለቱና በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። በክረምት ከሰሜን አሜሪካ የሚነሣ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በሞቃቱ የገልፍ ጅረት ላይ ሲፈስ፣ ባሕሩ በአንድ ካሬ ሜትር ከ1,000 ዋት በላይ የሚያጣበት ሰዓት አለ። ውሃው እንደ ድስት ይጨሳል፤ ጭሱ ወደ ላይ ይነሣና በነፋሱ አቅጣጫ ረድፍ ረድፍ እየሠራ ደመና ይሆናል። ከሳተላይት ሲታይ በማበጠሪያ የተበጠረ ነጭ ጥጥ ይመስላል። ያን ሰዓት የባሕሩ ሙቀት ወደ ደመና ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ባሕሩና ደመናው ተነጣጥለው የሚጠኑ ሁለት ነገሮች እንዳልሆኑ እንደዚህ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

ደመና ሁለት ሥራ አለው። ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ሕዋ ይመልሳል፤ ቀንም ሌሊትም ደግሞ ከታች የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በዓለም ደረጃ ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 50 ዋት ያቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ከ25 እስከ 30 ዋት ያሞቃል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ደመና ምድርን ወደ 20 ዋት ገደማ ያቀዘቅዛታል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ ቢጨምር የሚያመጣው የማሞቅ ጫና ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣችሁ እዩአቸው። የደመና ሽፋን ትንሽ ቢለወጥ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል የማይሆነው ለዚህ ነው። የሳይንስ ማኅበረሰቡም ምድር ወደፊት ምን ያህል እንደምትሞቅ ሲተነብይ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በደመና ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ የተዘጋጀው የቻርኒ ሪፖርት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ ትሞቃለች ብሎ ነበር። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል በ2021 ሪፖርቱ ሊሆን ይችላል ያለውን ከ2.5 እስከ 4 አጠበበው። ለማጥበብ 42 ዓመት ፈጅቷል፤ ካጠበቡት ነገሮች አንዱ የምትቀንሱት ምልከታ ነው።

በተለይ ዝቅተኛው ደመና። ከፔሩና ከቺሊ፣ ከናሚቢያና ከአንጎላ፣ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ባሻገር ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከላዩ ከከፍታ የሚወርድ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። በክዳኑና በባሕሩ መካከል የታፈነው እርጥብ አየር ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው፣ ነገር ግን ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ስትራቶኩሙለስ የሚባል ግራጫ ንጣፍ ይሠራል። ከላይ ሲታይ ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይን ይመልሳል። ባሕሩ ፀሐይ ስለሚያጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ክዳኑ ሲጠብቅ ደመናው ይበዛል። ክሌይንና ሃርትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እንዳሳዩት፣ ከላይ ባለው አየርና ከባሕሩ አጠገብ ባለው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት የሚለካው የክዳኑ ጥንካሬ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የዚህ ደመና ሽፋን በ6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ወደ ኋላም ሲዞር ያው ነው። ባሕሩ መሞቅ ሲጀምር ንጣፉ ይሸነቆራል፣ በቀዳዳው ፀሐይ ይገባል፣ ባሕሩ ይብሱን ይሞቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የዚህ ደመና መሳሳትም እንደዚያ ነው፣ ቀን በቀን ብታዩት ለውጡ አይታወቅም።

ሞቃት ባሕር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በምዕራብ ፓስፊክና በህንድ ውቅያኖስ የውሃው የሙቀት መጠን ከ27 እና 28 ዲግሪ ሲያልፍ ደመናው ወደ ላይ ይተኮሳል፤ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ወጥቶ በጃንጥላ መልክ ይዘረጋል። ጃንጥላው ከሥሩ ያለውን ባሕር ያጠላል። ራማናታንና ኮሊንስ በ1991 ይህ ጥላ የሞቃቱን ባሕር ሙቀት ገደብ ያበጅለታል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሌሎች ደግሞ ነፋስና ትነት ድርሻ አላቸው፣ ደመናው የሚያስቀረው ሙቀትም መታሰብ አለበት ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን ወደ ፊት ያራመደው አንደበት ሳይሆን ባሕሩ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ነበር።

በዚያው በሞቃቱ ባሕር ላይ ማደንና ጁሊያን በ1971 ያገኙት አንድ ምልልስ አለ፤ ከ30 እስከ 60 ቀን እየቆየ ይመላለሳል። መጀመሪያ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይተኛል። ውሃው መስታወት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ የላይኛው ጥቂት ውሃ ብቻውን ከ1 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ካለፈው ቀን ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል። እንዲህ እየተጠራቀመ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ከዚያ ትላልቆቹ ደመናዎች ከምዕራብ ይመጣሉ፤ ፀሐዩ ይዘጋል፣ ነፋሱ ይነሣል፣ ትነቱ ይበረታል፣ ባሕሩ ያጠራቀመውን ይከፍላል። የእኔ ሰንጠረዥ የታመመው ልክ የጠራው ሰማይ አልፎ ደመናው ሊመጣ ሲል ነበር። ጨረሩ አለኝ፣ የውሃው ሙቀት መጠን አለኝ፣ ነፋሱ አለኝ። እርጥበቱ ስለሌለ ግን ትነቱን ማስላት አልችልም፤ ትልቁ በር ተዘግቶብኛል።

«መሣሪያው አንድ ነው የጎደለው፤ ሌላው አለ አይደል?» የሚል ጥያቄ ስለሚነሣ ይህን ላብራራ። ትነትን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በየቦታው የለም። የምናሰላው ከነፋሱ ፍጥነት እና በውሃው ገጽና ከላዩ ባለው አየር መካከል ካለው የእርጥበት ልዩነት ነው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብቻቸውን አይበቁም። ሳተላይት ደግሞ በአየሩ ዓምድ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ተን ጥሩ አድርጎ ያያል፤ ከውሃው ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ያለውን እርጥበት ግን በግምት ነው የሚያወጣው። ግምቱ ልክ መሆኑን የምናረጋግጠው በእነዚያው ተንሳፋፊ ጣቢያዎች ነው።

የውሃውን የሙቀት መጠን መለካት እንኳ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። የባሕሩ የላይኛው ቆዳ፣ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንሰው፣ ሁልጊዜ በትነት ሙቀት ስለሚያጣ ከሥሩ ካለው ውሃ በ0.2 ወይም በ0.3 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሳተላይት የሚያየው ያን ቆዳ ነው፤ ተንሳፋፊው መሣሪያ የሚለካው ከሥሩ ያለውን ነው። ልዩነቱን ሳያስተካክሉ ሁለቱን መቀላቀል የሙቀት ሂሳቡን ያዛባል።

ስለ ባልዲው ላንሣ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ ስለማላውቅ። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መርከበኞች የባሕሩን የሙቀት መጠን የሚለኩት ባልዲ በገመድ ጥለው፣ ውሃ ቀድተው፣ ቴርሞሜትር ከትተው ነበር። የእንጨት ባልዲ ሙቀቱን ይይዛል። የሸራ ባልዲ ግን ይንጠባጠባል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ከጎኑ ይተናል፤ መርከበኛው ቴርሞሜትሩን እስኪያነብ ውሃው ቀዝቅዟል። ሊለኩት የፈለጉት ባሕር የሚቀዘቅዝበት ያው ትነት በባልዲውም ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በኋላ ሌሎች መርከቦች ለሞተር ማቀዝቀዣ ከሚስቡት ውሃ ላይ መለካት ጀመሩ፤ እሱ ደግሞ በሞተሩ ክፍል ሙቀት ከፍ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብዙው ልኬት የመጣው ከአሜሪካ መርከቦች፣ ከሞተር ክፍል ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በባልዲ የሚለኩት የብሪታንያ መርከቦች ድርሻ ጨመረ። በመዝገቡ ላይ የዓለም ባሕር በ1945 በድንገት 0.3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ መሰለ። ይህ ቅዝቃዜ በአብዛኛው የመለኪያ ለውጥ መሆኑን ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በግልጽ ያሳዩት በ2008 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ስሕተት ሊታረም የቻለው፣ መርከበኞቹ የቱ መርከብ በምን እንደለካ ስለጻፉ ነው። ያን ማስታወሻ ይጽፍ የነበረው ሰው በማዕበል መሃል ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ውሳኔ ልምጣ። በ1982 ከመቶ ዓመቱ ብርቱዎች አንዱ የሆነው ኤልኒኞ፣ ማለትም የምድር ወገብ ፓስፊክ ከተለመደው በላይ የሚሞቅበት ክስተት፣ ሲነሣ፣ ዓለም በወቅቱ አላወቀውም። በዚያው ዓመት የሜክሲኮው ኤል ቺቾን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ላይ የረጨው ብናኝ የሳተላይቶቹን ንባብ ስላዛባው፣ እየሞቀ የነበረው ባሕር ቀዝቃዛ መስሎ ታየ። ከመርከቦች የመጡትን ትክክለኛ ንባቦች ደግሞ ኮምፒውተሮቹ «ከተለመደው በጣም የራቀ ነው» ብለው ጣሏቸው። ባሕሩ ላይ ቆሞ የሚመሰክር አልነበረም። ሲታወቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ድርቁም ጎርፉም ደርሶ ነበር።

ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው ሰዎች ተነሥተው በምድር ወገብ ፓስፊክ ላይ 70 ያህል ጣቢያዎችን በመልህቅ ያሰሩት፤ ሥራው በ1994 ተጠናቀቀ። የ1997ቱ ኤልኒኞ ሲነሣ ከውሃው ሥር ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ሙቀት በየዕለቱ እያዩ ተከታተሉት። በአትላንቲክና በህንድ ውቅያኖስም ተመሳሳይ ሰንሰለቶች ተዘረጉ። የሚያሳዝነው፣ በ2012 ጣቢያዎቹን የምትጠግነው መርከብ ለወጪ ቅነሳ ከአገልግሎት ወጣች፤ በ2014 መጀመሪያ ከፓስፊኩ ሰንሰለት የሚደርሰው መረጃ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ጣቢያዎቹን ይነቀሉ ብሎ የወሰነ አካል አልነበረም። የተሰረዘው የመርከብ ጉዞ ነው። ጨውና ፀሐይ መሣሪያውን ይበላሉ፣ ዓሣ ከሥሩ ስለሚሰበሰብ አጥማጆች ይጠጉታል፣ ገመድ ይበጠሳል፤ የሚሄድለት ከሌለ ጣቢያ በዓመት ውስጥ ዲዳ ይሆናል። በበጀት ሰነድ ላይ «የመርከብ ቀናት» የሚለው መስመር ቀላል ቅናሽ ይመስላል። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ 999 ሆኖ የሚመጣው ግን እሱ ነው።

የሳተላይቱም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ2000 ጀምሮ ሴሬስ የሚባሉት መሣሪያዎች ምድር የምትመልሰውን የፀሐይ ብርሃንና ወደ ሕዋ የምትለቀውን ሙቀት ሳያቋርጡ ለክተዋል። ቀደም ሲል በ1984 የተጀመረ ልኬት ነበር፤ ዋናው ቃኚ መሣሪያ በ1990 ቆመ፣ በመካከል የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ተመራማሪዎች ብዙ ደክመዋል። የሴሬስ ጥንካሬ ከዓመት ዓመት የሚመጣውን ለውጥ ለይቶ ማሳየቱ ነው። የጠቅላላው ትርፍ ትክክለኛ መጠን ግን በሴሬስ ብቻ አይገኝም፤ የመሣሪያው የመለኪያ ስሕተት ከሚፈለገው ትርፍ ይበልጣልና። ስለዚህ የሳተላይቱ ሂሳብ የሚስተካከለው ባሕር ውስጥ በተለካው ሙቀት ነው። ያን የሚለኩት አርጎ የሚባሉት 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊዎች ናቸው፤ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ይንሳፈፋሉ፣ በየ10 ቀኑ 2,000 ሜትር ወርደው እየለኩ ይወጣሉ፣ ገጹ ላይ ሲደርሱ ያገኙትን ለሳተላይት ያቀብላሉ። ሰማዩን የሚያየው መሣሪያ ባሕሩን በሚለካው ላይ ቆሟል። አንዱን ቀንሳችሁ ሌላውን ብታቆዩ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሁለቱ ተደጋግፈው ያሳዩንን ደግሞ እዩ። ከ2005 እስከ 2019 የምድር የሙቀት ትርፍ በእጥፍ ገደማ ጨምሯል፤ ሳተላይቱም ተንሳፋፊዎቹም ተመሳሳይ ዕድገት አሳይተዋል። ለጭማሪው ትልቅ ድርሻ ያለው ደመናና የባሕር በረዶ የሚመልሱት የፀሐይ ብርሃን መቀነሱ ነው። በ2023 የባሕር ገጽ የሙቀት መጠን የቀድሞውን ክብረ ወሰን ሁሉ ሲያልፍ፣ ምድር የምትመልሰው ብርሃንም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅተኛው ደመና መሳሳቱ በመረጃው ታይቷል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ባሕሩ ስለሞቀ የመጣ ነው? ምን ያህሉ ከጥር 2020 ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ በመደረጉ ደመናን የሚያነጣው ብናኝ ስለቀነሰ ነው? ምን ያህሉስ በራሱ የሚመላለስ ነው? መልሱ ወደፊት ምን ያህል እንደምንሞቅ ይወስናል፤ የሚገኘውም የደመናው ልኬትና የሙቀት ልውውጡ ልኬት አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ ላይ ሲገናኙ ነው።

በራሱ የሚመላለሰውን መለየት ለምን ረጅም መዝገብ እንደሚፈልግ ክላውስ ሃሰልማን በ1976 አሳይተዋል፤ በ2021 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ናቸው። ደመናና ነፋስ በየቀኑ ያለ ሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ ባሕር ግን የማስታወስ ችሎታ አለው፣ የየቀኑን ትንሽ ትንሽ እያጠራቀመ ከዓመት እስከ አሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ቀርፋፋ መዋዠቅ ይሠራል። ያን መዋዠቅ ከዘላቂው ሙቀት ለመለየት አሥርት ዓመታት ያልተቋረጠ ልኬት ያስፈልጋል። በመሃል ሦስት ዓመት የጎደለው የሠላሳ ዓመት መዝገብ ዋጋው የሃያ ሰባት ዓመት አይደለም፤ ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ያሉት መሣሪያዎች እኩል መለካታቸውን የሚያረጋግጥ ነገር ስለማይኖር ሁለት አጫጭር መዝገብ ይሆናል።

«የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉን፣ ኮምፒውተሩ ይሙላው» የሚሉ አሉ። ሞዴሎቹን አከብራለሁ፤ በየቀኑም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ትንሽ ደመና ሞዴሉ ዓለምን ከሚከፋፍልበት መረብ ቀዳዳ ያንሳል፤ ስለዚህ በግምት ቀመር ይወከላል። በ2020 ጥርና የካቲት ከባርቤዶስ ምሥራቅ አራት መርከብና አራት አውሮፕላን ተሰማርተው በቋሚ ነፋሳቱ ክልል ያሉትን ትናንሽ ደመናዎች ቀርበው ለኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ውጤት፣ እነዚህ ደመናዎች ባሕሩ ሲሞቅ በቀላሉ ይጠፋሉ የሚሉት ሞዴሎች እንዳጋነኑ አሳየ። ይህ ለሁላችን መልካም ዜና ነበር። ዜናው የመጣው ግን አንድ ሰው ሄዶ ስለለካ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የመርከብ ቀናትን መጀመሪያ የሚቆረጥ ወጪ አታድርጉ፤ ለእያንዳንዱ በመልህቅ ለታሰረ ጣቢያ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስለት ጉዞ በሕግ ይያዝለት። የእርጥበትና የጨረር መለኪያዎች ተደራቢ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲቀጥል። አርጎ በየዓመቱ 800 ገደማ አዳዲስ ተንሳፋፊ ካልተጨመረለት በባትሪ ማለቅ ብቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ የተለመደው የአንድ ዓመት በጀት ለዚህ አይበቃምና በብዙ ዓመት ውል እሰሩት።

በሳተላይት በኩል አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ አዲሱ መሣሪያ አሮጌው በሕይወት እያለ ይምጠቅ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ይለኩ። የሴሬስ ተተኪ ሊቤራ ይባላል፤ በሮማውያን አፈ ታሪክ ሊቤራ የሴሬስ ልጅ ናት። ልጅቱ እናቷ በሕይወት እያለች ትድረስ። ደመናን ሰንጥቀው ከላይ እስከ ታች ያሳዩን ሁለቱ ሳተላይቶች፣ ክላውድሳትና ካሊፕሶ፣ ከ2006 ጀምሮ አገልግለው በ2023 ሥራቸውን አቆሙ፤ ተተኪያቸው ኧርዝኬር የመጠቀው በግንቦት 2024 ነው። በመሃል የቀሩት ወራት ጥቂት ቢሆኑም ጎን ለጎን የተለካበት አንድ ቀን የለም፤ አሁን አሮጌውንና አዲሱን የሚያገናኙት ባለሙያዎች በዙሪያ መንገድ እየሄዱ ነው።

ከሁሉ ርካሹን በመጨረሻ አነሣለሁ። የትኛው መሣሪያ መቼ እንደተቀየረ፣ በማን እንደተስተካከለ፣ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ የሚገልጸው ማስታወሻ ከልኬቱ ጋር አብሮ ለሁሉም ክፍት ይሁን። የሸራ ባልዲውን ስሕተት ያወጣልን እንደዚያ ያለ ማስታወሻ ነው። ለእኔ ሰንጠረዥ የጥገና መዝገቡን ስጠይቅ የደረሰኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «መሣሪያው በሚቀጥለው ጉዞ ይቀየራል» ይላል፤ የጉዞው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ያን ቀን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕርና የደመና መዝገቦችን በየዕለቱ የሚያነብ ባለሙያ